የሰጡትን ሥራ መጠየቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህች መጽሔታችን ገጾች ላይ ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ወጣትነት ፈተናም ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው፤ ይኸውም መምህር ለተማሪው የሰጠውን የቤት ሥራ ተመልሶ ስለ መጠየቁ ነው። አንዳንዱ አንባቢ «ይህ የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነውን?» ይል ይሆናል። እኛም ባለፈው ዓመት ብንጠየቅ እንዲሁ ባልን ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን አንድ ልጅ ነው፤ ስለ እርሱ ዝቅ ብለን እንናገራለን።

ይህን የምንጽፈው ሁለት ዓይነት ሰዎች ሆነን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንማራለን፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሕፃናትን እናስተምራለን። እንግዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ የቤት ሥራ እንቀበላለን፤ የቤት ሥራ እንሰጣለንም። ተቀባዮች ስንሆን የምናማርረውን በደል ሰጪዎች ስንሆን እኛው እንፈጽመዋለን።

በመጀመሪያ የተቀባዩን ወገን እንናገር። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን አንድ መምህር አምስት አምስት ሆነን የምናቀርበው ጽሑፍ አዘዙን፤ የሚታረመውም ከ20 ነበር። ቤተ መጻሕፍት ወንበር ተሻምተን፣ መብራት ሲጠፋ በስልካችን ብርሃን እያነበብን፣ 14 ገጽ ጽፈን አስረከብን። ከዚያ በኋላ ስለ ጽሑፉ ከመምህሩ አንድ ቃል አልሰማንም። በሴሚስተሩ መጨረሻ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከመለያ ቁጥራችን ትይዩ 16 የሚል ተለጥፎ አየን። አራቱ በምን እንደ ጎደለ፣ አሥራ ስድስቱስ በምን እንደ ተገኘ የነገረን የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ ከመካከላችን አንዱ ከግቢው በር ላይ ቆሎ ገዝቶ መጣ። ቆሎው የተጠቀለለበትን ወረቀት ሲዘረጋው የእኛው ጽሑፍ ሰባተኛ ገጽ ሆኖ ተገኘ። እስክሪብቶ የነካው ምልክት የለበትም። በጣም ሳቅን፤ ቆሎውንም በላን። ነገር ግን የዚያን ዕለት ከሳቁ ጋር አንድ ነገር ከውስጣችን ወጥቶ ሄደ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ መምህር ተመሳሳይ ሥራ ሲሰጡን ከበላዮቻችን ተማሪዎች የአምና ጽሑፍ ተውሰን፣ ስም ብቻ ቀይረን አስረከብን። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ኃጢአቱ የእኛ ነውና በማንም ላይ አናላክከውም። ቢሆንም ማንም ለማያነበው ነገር መድከም ሞኝነት ሆኖ የታየን ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ብንጠየቅ ቀኑን እናውቀዋለን፤ ቆሎው የተገዛ ዕለት ነው።

እኚያን መምህር ለመክሰስ አይደለም። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደ ነበርን፣ በዚያው ሴሚስተር ስንት ክፍል ይይዙ እንደ ነበር እናውቃለን። የክሱ መዝገብ ቢከፈት ከስማችን በላይ የእርሳቸው ስም አይጻፍም፤ ለምን እንደዚያ እንደምንል ወደ መጨረሻው ይገባችኋል።

አሁን ወደ መጻሕፍት እንመለስ። ብዙዎቻችን የቤት ሥራን መጠየቅ ቁጥጥር ይመስለናል። መምህሩ ዘበኛ፣ ተማሪው ተጠርጣሪ ሆነው ይታዩናል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ግን እግዚአብሔር አዳምን ወዴት እንዳለ ጠየቀው። ያለበትን አጥቶት አይደለም፤ በዛፎቹ መካከል መሸሸጉን ያውቃል። የጠየቀው አዳም ያለበትን ራሱ እንዲያውቅ፣ ከተሸሸገበትም እንዲወጣ ነው። ልብ በሉ፤ ትእዛዙን የሰጠው እርሱ ነው፤ የትእዛዙን ነገር ሊጠይቅ የመጣውም እርሱ ነው። ሰጥቶ ዝም አላለም። አዳምን ከሁሉ የከፋ ነገር ሊያገኘው ይችል የነበረው ያ የሚመጣ ድምፅ ባይሰማ፣ በዛፎቹ መካከል እንደ ተሸሸገ ቢቀር ነበር።

ጌታችንም በመዋዕለ ስብከቱ እንዲሁ አደረገ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ሰባ ሁለቱን አርድእት ሁለት ሁለት አድርጎ ላካቸው። ኮሮጆና ጫማ እንዳይዙ፣ በገቡበት ቤት ምን እንደሚሉ አንድ በአንድ ነግሯቸዋል፤ ዛሬ እኛ መመሪያ የምንለው መሆኑ ነው። ታሪኩ በመላካቸው አያልቅም። ደስ ብሏቸው ተመለሱ፤ የሆነውን ነገሩት፤ እርሱም ሰማቸው። ከሰማቸው በኋላ ሥራቸው ከእነርሱ ዐይን በላይ ምን እንዳደረገ ገለጸላቸው። ከዚያም ደስታቸው ያዘነበለበትን አቃናላቸው፤ አጋንንት ስለ ተገዙላቸው ሳይሆን ስማቸው በሰማይ ስለ ተጻፈ ደስ እንዲላቸው ነገራቸው። እርማቱ የመጣው ከመስማት በኋላ ነው። እኛ ብንሆን ኖሮ ገና ከበሩ ሳይገቡ ስሕተታቸውን እናነሣ ነበር፤ ወይም ደግሞ ጨርሶ አንጠይቃቸውም ነበር።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ደግሞ ሐዋርያት ያደረጉትንና ያስተማሩትን ሁሉ በነገሩት ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ለብቻቸው ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው። ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበርና። መምህር የተማሪውን ድካም የሚያውቀው ሲጠይቅ ነው። ያልጠየቀ መምህር ማን እንደ ደከመ፣ ማን እንዳልነካው በምን ያውቃል? ሁለቱም በዝምታ ፊት እኩል ናቸው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25ም ስለ መክሊቱ ሲነግረን፣ ጌታቸው ብዙ ዘመን ቢቆይም ተመልሶ መጥቶ ከአገልጋዮቹ ጋር ሒሳቡን ተሳሰበ። ሁለት መክሊት የተሰጠው አምስት መክሊት የተሰጠው የሰማውን ምስጋና አንድም ቃል ሳይጎድልበት ሰማ። ይህን ክፍል ስናነብ ዐይናችን ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ሦስተኛው፣ መክሊቱን ወደ ቀበረው ነው፤ ሁለቱ ግን ጌታቸው ባይመለስ ኖሮ ያን ቃል ከማን ይሰሙ ነበር?

ስለ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 እንደ ተጻፈው፣ ቀድሞ ባስተማሩባቸው ከተሞች ሁሉ ያሉ ወንድሞች እንዴት እንዳሉ ተመልሰው እንዲጎበኙ በርናባስን ጠየቀው። ማርቆስን እንውሰድ፣ አንውሰድ በሚለው እስከ መለያየት ድረስ ተከራከሩ። ነገር ግን የተጣሉት አብሮ በሚሄደው ሰው እንጂ በመሄዱ አልነበረም። አንዱ ወደ ቆጵሮስ፣ ሌላው ወደ ሶርያና ኪልቅያ ሄዱ። ያስተማሩትን መጎብኘት ይቅር ያለ ከሁለቱ አንድም አልነበረም።

በዚህች አገር ያለችው ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ከማንም መማር አያስፈልጋትም። በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚያገለግሉ አንድ መሪጌታ በቅኔ ቤት ያሳለፉትን ዘመን በተደጋጋሚ ያጫውቱናል። ተማሪው ቀን ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከግንብ ጥግ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ጀማሪ ከሆነ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና፣ እየበሰለ ሲሄድ ዘአምላኪየን፣ ሥላሴን፣ እያለ እስከ መወድስ ይደርሳል። ከዚያ የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርብና ይነግራል። የኔታ እያንዳንዱን ይሰማሉ። እዚህ ላይ ቤቱ ጎድሏል፣ እዚያ ላይ ምሥጢሩ ተፋልሷል፣ ሰሙ ወርቁን አልያዘም እያሉ ያርማሉ። የተበላሸበት ተመልሶ ሌላ ይቆጥራል። እንግዲህ የቤት ሥራ የሚለው ስም በዚያ ቤት ባይታወቅም ትምህርቱ በሙሉ የቤት ሥራ ነው፤ ማስተማር ማለትም በአብዛኛው መስማት ነው።

መሪጌታ ከሁሉ በላይ የሚያስታውሱት ምስጋና የተቀበሉበትን ቀን አይደለም። ቁራሽ ለምነው አምሽተው ተመልሰው፣ የኔታ ታመው ተኝተው ባገኟቸው ጊዜ ዛሬስ አልፌያለሁ ብለው በልባቸው ደስ እንዳላቸው ነገሩን። የኔታ ግን ከመደቡ ላይ ሆነው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የት ደረስህ፣ ንገረኝ አሏቸው። ያልቆጠሩ ነበሩና አፈሩ። መሪጌታ ይህን ሲናገሩ እስካሁን ድረስ አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ። እኛ ስንሰማው የመጣብን ሐሳብ ግን እኚያ ታማሚ ሽማግሌ ስለ አንድ ለማኝ ልጅ ሁለት ቤት ቅኔ ለማወቅ ምን አስጨነቃቸው የሚል ነበር።

በንባብ ቤትም ቢሆን ሕፃኑ የተሰጠውን መልሶ ሳያነብ ወደ ሚቀጥለው አይሻገርም። ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ወንጌል፣ ከዚያም ወደ ዳዊት የሚያልፈው ተሰምቶ ነው። አንድ መምህር ይህን ሁሉ ሕፃን በምን ይችሉታል ቢባል፣ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ዝቅ ያሉትን ስለሚያስጠኑና ስለሚሰሙ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

ከአገራችን ውጭ አንድ ምስክር እንጨምር። በ4ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሄደች ኤጌርያ የተባለች ሴት ያየችውን ጽፋ ትታልናለች። በዚያ ለጥምቀት የሚዘጋጁ ንዑሰ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ወራት ከጳጳሱ ዘንድ መጻሕፍትንና የሃይማኖት ጸሎትን ይማሩ ነበር። የተማሩትንም ከፋሲካ በፊት አንድ በአንድ እየቀረቡ ይመልሱ ነበር። ጳጳሱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ወንዱ ከክርስትና አባቱ፣ ሴቷም ከክርስትና እናቷ ጋር ቀርበው፣ እያንዳንዳቸው የሃይማኖቱን ጸሎት በቃላቸው ያደርሱ ነበር። የአንዲት ትልቅ ከተማ ጳጳስ ጊዜ የሚያንሳቸው ሰው ናቸው። ስለ እያንዳንዱ ተማሪ ግን ይቀመጡ ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሳችን። በያዝነው የሕፃናት ክፍል 62 ልጆች አሉ። እኛ አራት ነን፤ ከአራታችንም በፈተና ሰሞን ሁለታችን እንቀራለን። ባለፈው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ስለ ምሥጢረ ጥምቀት አስተማርንና በመጨረሻው አንድ የቤት ሥራ ሰጠን። የክርስትና ስማችሁን፣ ማን እንዳወጣላችሁና ምን ማለት እንደ ሆነ በቤት ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቃችሁ ጽፋችሁ አምጡ አልናቸው። በጣም ጥሩ ሥራ እንደ ሰጠን ተሰምቶን ነበር። በቀጣዩ እሑድ የተወሰኑ ልጆች ወረቀት ይዘው መጡ፤ እኛ ግን የደብረ ታቦር መዝሙር ጥናት ደርሶብን ነበርና ሌላ ጊዜ እናየዋለን አልን። በሁለተኛው እሑድም መዝሙር ነበር። ከዚያ ፍልሰታ ገባ፤ ደብረ ታቦር መጣ፤ የቤት ሥራው ከነአካቴው ተረሳ። የረሳነው እኛ ነን እንጂ ልጆቹ አልረሱም ነበር።

ከአዲሱ ዓመት በኋላ የመገኛ መዝገቡን ስናገላብጥ፣ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ስሙ ትይዩ ባዶ መሆኑን አየን። ከፊት ተቀምጦ የሚያዳምጥ ልጅ ነበር። ሁለታችን አድራሻውን ጠያይቀን ከአያቱ ጋር ወደሚኖርበት ቤት ሄድን። አያቱ እንዳዩን ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ልጆቼ፣ ምን አጠፋ?» አሉን። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ወደ ቤት የሚመጣው ልጅ ሲያጠፋ ብቻ ነው ብለው ማሰባቸው በራሱ አንገታችንን አስደፋን። «አላጠፋም እማማ፤ ናፍቆን ነው» አልናቸው። ቡና አቀረቡልን፤ ልጁን ከጎረቤት አስጠሩት።

ነገሩ የወጣው ቀስ በቀስ ነው። እናቱ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት፤ የምትደውለውም አሠሪዎቿ ሲፈቅዱላት ነው። አያቱ የክርስትና ስሙን ዘንግተውታል። ስለዚህ የእኛን የቤት ሥራ ለመሥራት እናቱ እስክትደውል ሁለት ሳምንት ጠበቀ። ስትደውልም ሌላውን ጨዋታ ሁሉ ትቶ የጠየቃት ይህን ነው። እናትየዋ ደስ ብሏት ብዙ ነገረችው፤ በመስቀል ማግስት መስከረም 18 ቀን እንደ ተወለደ፣ አርባ ቀኑ የሞላው ጥቅምት 27 ቀን በመድኃኔ ዓለም ዕለት እንደ ነበረ፣ ቄሱም ስሙን በበዓሉ እንዳወጡለት፣ የዚያን ዕለት ምን ዓይነት ነጭ ልብስ እንደ ለበሰ። ልጁ ሁሉንም ጻፈው። ስሙን እርሱ ይናገር እንጂ እኛ እዚህ አንጽፈውም።

ወረቀቱን በኪሱ አድርጎ በሦስተኛው እሑድ መጣ፤ በአራተኛውም መጣ። መዝሙር አጥንተን አሰናበትነው። እናቱ በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውል መጀመሪያ የጠየቀችው «መምህርህ ምን አለህ?» ብላ ነው። እንግዲህ የሰጠነውን ሥራ ተከታትሎ የጠየቀው ባሕር ማዶ ያለች የቤት ሠራተኛ እንጂ በአዳራሹ ያለነው መምህራን አልነበርንም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እንዳይከፋት ብዬ ጎበዝ አለኝ አልኳት» አለን።

ከዚያ ወዲህ መምጣት ያቆመው ስለ ዋሸ ነው። ስለ ክርስትና ስሙ ዋሽቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ፈራ። አስቡት፤ እኛ በተኮረጀ ጽሑፍ 17 አግኝተን በሰላም ስንተኛ፣ ይህ ልጅ በእኛ ዝምታ ምክንያት በተናገራት አንዲት ቃል ራሱን ከቅጽሩ አስወጣ። ጽሑፋችንን ቆሎ መጠቅለያ ያደረገውን ሰው ስናማ የኖርን እኛ የልጁን ወረቀት ከኪሱ እንኳ እንዲያወጣው አልጠየቅነውም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ትልቅ ነገር የለም። ልንጠይቀው የማንችለውን የቤት ሥራ እንዳንሰጥ ተስማማን፤ ስለዚህ የምንሰጠው ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ነው። የ62ቱን ልጆች ስም በአንድ ደብተር ጽፈን በየእሑዱ ስምንቱን እየጠራን እንሰማለን፤ ሁሉንም ባንድ ቀን መስማት አንችልምና። እንደ ንባብ ቤቱ ሥርዓት፣ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው ታናናሾቻቸውን ቀድመው እንዲሰሙ አደረግን፤ ይህ ከጠበቅነው በላይ ሠርቷል፤ ትልልቆቹም ራሳቸው ሳያጠኑ መምጣት አፈሩ። አንዳንዱ ልጅ ሳይሠራ ሲቀር ለምን እንዳልሠራ እንጠይቃለን እንጂ ከሌሎቹ ፊት አናቆመውም። በሚድ ፈተና ሰሞን ደብተሩ ሁለት እሑድ ሳይከፈት ማለፉንም እንድንደብቅ ኅሊናችን አይፈቅድልንም።

ወደዚያ ቤት እንመለስ። ወረቀቱ የት እንዳለ ጠየቅነው። ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሽፋን ውስጥ አወጣው፤ በኪስ ብዛት አራት ቦታ ታጥፎ ጠርዙ ተቀዷል። ቆሞ አነበበልን። አያቱም ቡናቸውን ትተው ሰሙት፤ ስለ ነጩ ልብስ ሲደርስ «እውነት ነው፣ እኔ ነኝ የገዛሁት» አሉ። ሲጨርስ ጎበዝ አልነው። ማወቅ የሚገባውንም ጥያቄ ጠየቅነው፤ የስሙን ትርጉም ከግእዙ ወደ አማርኛው እንዲፈታልን። ፈታው። አንድ ፊደል ስቶ ጽፎ ነበርና አረምንለት።

ከዚያ ልጁ ወረቀቱን እያጣጠፈ «አሁን ጎበዝ ስላላችሁኝ ለእማዬ የነገርኳት ውሸት መሆኑ ቀረ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን።

ሁለታችን ተያየን። ወዲያው የምንመልሰው አልነበረንምና ንስሐ አባታችንን ጠይቀን እሑድ እንነግርሃለን አልነው። እሑድ ጠዋት አርፍደን ስንደርስ ልጁ ከአዳራሹ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ጫማችንን እንኳ ሳናወልቅ «ጠየቃችኋቸው?» አለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።